ፍሬን የሌላት መንኮራኩር

ጎማ ሲቀየር፣ ሶፋ በጠባብ በር ሲገባ፣ ቴሌቪዥን ሲጠገን፣ እጁን አጣምሮ ከኋላ ቆሞ «እንደሱ አይደለም!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ይህ ሰው መፍቻ አይነካም፤ ሶፋም አይሸከምም። የሱ ሥራ ማዘዝ ነው። ሶፋው ሲገባ «አላልኩም?» ይላል። ሳይገባ ሲቀርም «አላልኩም?» ይላል።

በዚህ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ፍሬን ናቸው። ጋሽ ፍሬን መኪና መንዳት ያስተምራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከተማሪ ጎን ተቀምጠው «ፍሬን!» ሲሉ ስለኖሩ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ቢሮ የላቸውም፤ ከትምህርት በፊትም በኋላም የሚገኙት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ፀጉራቸውስ ካለቀ ቆይቷል። የሚመጡት ጢማቸውን ለመላጨትና ጥግ ላይ የቆመውን ማሽን ለማዘዝ ነው።

ማሽኑ ፀጉር አስተካካዩ ቤቱን ሲከራይ እዚያው ያገኘው አሮጌ የጨዋታ ማሽን ነው፤ ቁም ሳጥን ያክላል። የመያዣው ጫፍ ወልቆ በመላጫ ብሩሽ እጀታ ተተክቷል። ጨዋታው ለማንም ቀላል ነው፦ ሸርጣን የሚመስሉ የጠፈር ጠላቶች ተሰልፈው ከላይ ይወርዳሉ፤ አንዲት ብቸኛ መንኮራኩር ከታች ሆና ግራና ቀኝ እየሮጠች ትተኩሳለች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል። ጠላቶቹ ባነሱ ቁጥር ይፈጥናሉ፤ ዱምዱምታውም አብሮ ይፈጥናል። አንድ ብቻ ሲቀርማ እንደ እብድ ነው የሚመጣው። እሱን ስትጥለው ሌላ ሰልፍ ይወርዳል። እስካሁን ጨርሶ ያሸነፈ ሰው የለም።

ታዲያ ኪሱ ውስጥ ስልክ፣ ስልኩ ውስጥ መቶ ጨዋታ ያለው ጎረምሳ እዚህ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቀ።

«የስልኩ ጨዋታ እንዳትተወው ይለማመጥሃል» አሉት ጋሽ ፍሬን። «ይሄ አይለማመጥም። ሊበላህ ነው የሚመጣው። ሰው ያስፈራውን ነገር መች ይረሳል?»

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «ቀኝሽን ያዢ! መሪውን አትነቂው! ፍሬን! ፍሬን!» መንኮራኩሯ ፍሬን የላትም። ማሽኑ ላይ የቆመችው ጎረቤት ልብስ ሰፊ ይህን ደጋግማ ነግራቸዋለች። እሳቸው ግን በጮኹ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ራሳቸው ማሽኑን ነክተው አያውቁም። ለምን ሲባሉ «እኔ አስተማሪ ነኝ» ይላሉ።

በዚህ ሁሉ ሲስቅ የኖረው ፀጉር አስተካካይ፣ ሴት ልጁ እሳቸው ዘንድ መንዳት መማር በጀመረች ሰሞን ሳቁ ከዳው። መጀመሪያ ላይ የማንኛውም አባት ፍርሃት ነበር። ልጅቱ ከወጣች ጀምሮ እስክትመለስ ድረስ ጆሮው መንገዱ ላይ ነው፤ ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር መቀሱ አየር ላይ ይቆማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ትጫወታለች፣ ጋሽ ፍሬን ከኋላዋ ቆመዋል። አንድ ጠላት ብቻ ቀርቶ በግራ ጠርዝ በኩል እየተንደረደረ ይወርዳል።

«ጸድቷል!» አሉ ጋሽ ፍሬን። «መንገዱ ክፍት ነው፣ ተረጋጊ!»

ልብስ ሰፊዋ ግራ ገብቷት ዞር ስትል ጠላቱ መሬት ነካ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ጋሼ፣ ለማን ነው የወገኑት?» አለች። ጋሽ ፍሬንም ሳቁ፤ ግን ዘግይተው ነው። ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም።

ለመላጨት ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ምላጩን በቀኝ በኩል አመጣ። እንደ ማንኛውም ሰው ዓይናቸው ተርገበገበ። ቀኝ ጉንጫቸውን ጨርሶ በግራ በኩል ሲያመጣ ግን ምንም የለም። ስለቱ ጆሯቸው ጋ ደርሶ እንኳ ወደ ፊት እንዳዩ ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠው።

ያኔ በሩ ተከፈተና ልጁ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዋናው መንገድ እንወጣለን ብለውኝ አልነበር? እንሂዳ!»

ዋናው መንገድ። ከባድ መኪኖቹ በግራ በኩል እየተከታተሉ ሲያልፉ ታየው። በሰው ፊት «እርስዎ እኮ በግራ አያዩም» ቢል ሽማግሌውን ከሥራቸው ማፈናቀል ነው። ዝም ቢል ደግሞ ልጁን... ሐሳቡን መጨረስ ፈራ።

«ጋሼ» አለ፣ «መጀመሪያ አንድ ጨዋታ ይጫወቱልኝ። ከዚያ ይዘዋት ይሂዱ።»

«እኔ አስተማሪ...»

«አንዴ ብቻ። ስለ እኔ ሲሉ።»

ጋሽ ፍሬን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ግራ ጉንጫቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ተነስተው የብሩሹን እጀታ ያዙ። እንዲህ ያለ አጨዋወት በቤቱ ታይቶ አያውቅም። የቀኙን ጠራርገው አወጡት፤ መሐሉን አጸዱት። ልብስ ሰፊዋ አጨበጨበች። በግራ ጠርዝ ያሉት ግን አንድም ሳይነኩ ይወርዱ ነበር። ዱም፣ ዱም፣ ዱምዱምዱም።

«በግራ!» ብላ ጮኸች ልጅቱ። «ጋሼ፣ በግራ ነው!»

መንኮራኩሯ ፈነዳች። የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር ወለሉን እንደረገጠ ቀረ። ማንም «አላልኩም?» አላለም።

«አውቃለሁ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «በየቀኑ እዚህ የምገተረው ለምን ይመስልሃል? ሰልፉ ሲመጣ እስከ የት ድረስ እንደሚታየኝ ልለካ ነው። ከትናንቱ ካልቀነሰ አስተምራለሁ እላለሁ። ሲቀንስም ደክሞኝ ነው እላለሁ። ሐኪም ጋ ብሄድ ቁልፉን ይቀሙኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ልጄን እኮ ነው ይዘው ሊወጡ የነበረው!» ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ። በሳቸው ላይ ሲጮህ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሽ ፍሬን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ማበጠሪያዎቹ የተነከሩበት ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና የቀረውን ጉንጫቸውን ሰጡት።

በመጨረሻ የታዩበት የዓይን ሐኪም የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በዓይን ጠብታ ለማቆየት እንደሚሞከር ነገራቸው። ለቀጠሮ የምትወስዳቸው ልጅቱ ናት፤ ሌላ አስተማሪ ዘንድ ጨርሳ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። እሳቸው ጎኗ ተቀምጠው ወለሉን ይረግጣሉ።

አሁን ክቡርነታቸው ተጫዋች ሆነዋል። ተራቸው ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ትታ ትመጣለች፤ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን በግማሽ ጎፈሬ ትቶ ግራ ትከሻቸው ጋ ይቆማል። እሳቸውም አዛዦቹን ያዛሉ። «እንደሱ አይደለም! ቀደም ብለህ ንገረኝ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ተማሪ አይደነግጥም?»

አንዳንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ ባዶ ቦታ ላይ ሲተኩሱ ያያቸዋል። ያን ቀን ፍርሃቱ እስከ ማታ አይለቀውም፤ ጠብታውን እንዳልረሱ ደጋግሞ ይጠይቃል። ዛሬም አንድ ጠላት ብቻ ቀርቷል፤ በግራ በኩል እንደ እብድ እየወረደ ነው፣ ሽማግሌው ወደ ቀኝ ያያሉ።

«ፍሬን!» ብሎ ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ታች ጠቆመችው። ቀኝ እግሩ ወለሉን ረግጦ ነበር።