የክቡር ዲዛይነር ባቢከር የቀርከሃ መብራት

የትም ሰፈር ብትሄዱ፣ የወደቀ ዕቃ አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ሰው አታጡም። እናንተ ቆሻሻ የምትሉትን እሱ «ማቴሪያል» ይለዋል። የተሰበረ ወንበር ደጃፍ ካወጣችሁ፣ ገና እጃችሁን ሳታራግፉ ከች ይላል። አሶሳ ውስጥ የዚህ ወገን ሊቀ መንበር ክቡር ዲዛይነር ባቢከር ናቸው፤ ጎረቤቴ።

ክቡርነታቸው የሚተዳደሩት የሞተር ሳይክል መለዋወጫ በመሸጥ ነው። ዲዛይነርነቱን የሾማቸው ስልካቸው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ቤት ሲያሳምሩ በስልካቸው ያዩና፣ «ያ ገመቺስ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው፣ ወላሂ!» ይሉኛል። ይህን ካሉ ሰፈሩ ይጠንቀቅ።

ቤታቸውን ላስጎብኛችሁ። ሳሎኑ መሃል የማንጎ ዛፍ አለ። ቤቱ ሲሠራ ቁረጡት ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ግንዱን በጣሪያው ቀዳዳ አሳለፉት። ማንጎ በሚደርስበት ወቅት ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ዷ ሲል እንግዳው በድንጋጤ ብድግ ይላል፤ እሳቸው ወሬያቸውን አያቋርጡም። ብድግ ማለት የሚችለው ግን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው። ከአሮጌ ጎማ የሠሩት ሶፋ የዋጠውን ሰው ለማውጣት ጉልበተኛ መጥራት ያስፈልጋል። ወለሉ የእብነ በረድ ስብርባሪ ነው፤ አንዱ ቁራጭ ከሌላው እኩል አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ተደናቅፈው ሊወድቁ ሲሉ፣ ክቡርነታቸው «ሰው ሲገባ እግር ማየት አለበት» ብለው መከሯቸው። የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ከአረንጓዴ ጠርሙስ ስለተሠራ፣ እዚያ ገብቶ መስታወት ያየ ሁሉ መታመሙን ይጠረጥራል። ጠርሙሱን የለቀሙት በየሠርግ ቤቱ «ወንድሜ፣ ጨረስክ?» እያሉ ነው። አጠገባቸው ቆሜ የምገባበት ጠፍቶኝ ያውቃል።

እኔ ደግሞ ዘመናዊ ሰው ነኝ። ያደግኩት በቀርከሃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ። ስለዚህ ዘንድሮ ቤት ስሠራ የሳሎኔን ኮርኒስ በጅብሰም አሠራሁ፤ ዙሪያውን ቀይና ሰማያዊ የሚቀያየር መብራት አስቀበርኩበት። ባለቤቴ ሜቲ «ሆቴል ይመስላል» ትላለች፤ ማመስገኗ ይሁን መውቀሷ አልጠየቅኳትም።

ለቤቱ ምርቃት ክቡርነታቸው ቀርከሃ ሰንጥቀው በእጃቸው የጎነጎኑትን ትልቅ የመብራት ሽፋን ይዘው መጡ። የመጀመሪያ የመብራት ሥራቸው ነበር፤ ለራሳቸው እንኳ ሌላ አላስቀሩም። «ከላይ ስቀል፣ ገመቺስ። ሲበራ ግድግዳ ሁሉ አበባ ይሆናል» አሉኝ።

አመሰገንኩ። ግን ከቀርከሃ ያመለጥኩት ሰውዬ ዞሬ ቀርከሃ ልሰቅል? የመሥሪያ ቤት ሰው ቢመጣ ምን ይለኛል? ኤሌክትሪሺያን እስኪገኝ ብዬ ለጊዜው ጓሮ አስቀመጥኩት። አገራችን ውስጥ ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ሜቲም፣ እሷም ለጊዜው፣ እንቁላል በታቀፈችው ዶሮዋ ላይ ደፋችው። ክቡርነታቸው ስለ መብራቱ ሲጠይቁኝ «ቤቱን ሌላ አደረገው» እላለሁ። ቤቴ እንዳይመጡ ደግሞ እኔ ቀድሜ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ፤ ጎማው ውስጥ ተቀብሬ ሻይ እጠጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ አዲስ ጃኬት ለብሰዋል። አብራቸው ያለችው በባምባሲ መንገድ የእንግዳ ማረፊያ የምታሠራው ወይዘሮ ሳና ናት። ለክፍሎቿ ሁሉ መብራት ልታዛቸው ነው፤ ከተወለዱ ዲዛይን የሚያዝዛቸው ሰው ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። እሷ ግን ተሰቅሎ ካላየሁ ብላለች። «ጓደኛዬ ሳሎን አለ፣ ወላሂ» ብለው ይዘዋት መጡ።

ሁላችንም ወደ ኮርኒሱ ቀና አልን። ቀይና ሰማያዊው ይቀያየራል።

«የታለ?» አለች ሳና።

የጓሮው በር ክፍት ነበር፤ ሳና ወደዚያ ተራመደችና ቆመች። ዶሮዋ በቀርከሃው ክፍተት አንገቷን አውጥታ ታየናለች።

«ያ ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠርታ ሜቲ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ነጠላ እንኳ የለኝም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ክቡርነታቸው ዶሮዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሳና ዞሩ። «እሱ ጥፋት የለውም። እኔ ነኝ ያልኩት። ቀርከሃው ገና ነው፣ ነቀዝ ይበላዋል፣ ውጭ ይቆይ አልኩ። እኔ ነኝ የቸኮልኩት።»

«ነቀዝ ይበላዋል? እንግዲያው ለእኔ አይሆንም» ብላ ሳና ወጣች።

ባቢከር ሰላምታም ሳይቀር በወላሂ የሚያስሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን አልማሉም፤ ውሸት ነበራ። እኔን ከሀፍረት ለማዳን የገዛ ሥራቸውን ነቀዝ አስበሉት። ፊት ለፊት አንተ እያልኩ እዚህ ላይ «እሳቸው» ስል የቆየሁት ለቀልድ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ከልቤ ነው።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት፣ እሳቸው በርከክ ብለው በክፍተቱ ወደ ውስጥ አጮልቀው ነበር። «እንቁላል ብዙ ነው። አሁን አታንሳው፣ ይደነግጣል» አሉኝና ጃኬታቸውን አራግፈው ሄዱ።

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ ወደ ሳና ሄድኩና በሠራተኞቿ ፊት ተናገርኩ፤ ነቀዝ የሚባል እንደሌለ፣ ያሳፈረኝ ቀርከሃው እንደሆነ፣ አሁን ግን የማፍረው በራሴ እንደሆነ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«አንተ ጓደኛው ያልሰቀልከውን እኔ ለምን እሰቅላለሁ? መጀመሪያ ቤትህ ስቀል፤ መጥቼ አያለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክቡርነታቸው ሱቅ ሄድኩ። ብሎን ይለያሉ። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጠኝን አምላክ በየትኛው አፌ እንደማመሰግነው አላውቅም። «ባቢከር፣ አንድ ሌላ መብራት ሥራልኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ፌዝ የሚባል የለም፤ ልኩን ማወቅ ፈልገው ነው።

«ለዶሮ ነው ለሰው?»

«ለሰው» አልኩ፣ ብሎኖቹን እያየሁ።