አምስት እረኛ ለአንዲት በግ

በዚህ ምድር ላይ መሪ ያጣ ስንት ጉባኤ አለ! የእኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ግን፣ በኪትዌ ከተማ፣ ቺምዌምዌ ሰፈር፣ በሐዋርያ ካሶንዴ ሳሎን የምትሰበሰበው፣ በዚህ በኩል አንድም ቀን ተቸግራ አታውቅም። ጌታ ይመስገን፣ መሪ ሞልቶ ተርፎናል። ሐዋርያው በሥራ ቀን ጎማ ይጠግናሉ፤ እሑድ ግን ሥልጣናቸው ከሶፋው እስከ በረንዳው ይደርሳል። ከእሳቸው ቀጥሎ ነቢይ ንሶፍዋ አሉ። ከዚያ የሐዋርያው ባለቤት፣ የሴቶች አገልግሎት የበላይ ኃላፊ። ከዚያ የወጣቶች መሪያችን፣ የልጅ ልጅ ያዩት ወንድም ቺሴንጋ። በመጨረሻ እኔ አለሁ፤ የሐዋርያው ጋሻ ጃግሬ ነኝ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን፣ መሐረባቸውንና የተከፈተ ለስላሳቸውን ይዤ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን አጅባቸዋለሁ። መንገዱ አጭር ቢሆንም ኃላፊነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አመራሩ እንዲህ የሰፋው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። አንድ ሰው ቅር ብሎት ወደ ማዶኛው ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሲያኮበክብ፣ ሐዋርያው ቶሎ ብለው ይሾሙታል። የተሾመ ሰው ደግሞ የትም አይሄድም። በዚህ ድንቅ አሠራር አንድም ሰው ሳይወጣብን ምእመኑ አለቀ።

የቀሩት ባና ሎምቤ ብቻ ናቸው፤ የሎምቤ እናት ማለት ነው። ገበያ ላይ ቲማቲም የሚሸጡ፣ ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ቅር ብሏቸው ስለማያውቁ ማንም ሊሾማቸው አላሰበም።

እናም በየእሑዱ እኛ አምስታችን ፊት ለፊት እንደረደርና እሳቸው አንዲቷ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙናል። በሴቶች ፕሮግራም ላይ ሴቶቹ እሳቸው ናቸው። በወጣቶች ፕሮግራም ላይም ወጣቱ ትውልድ እሳቸው ናቸው። ነቢዩ ዓይናቸውን ጨፍነው «ከመካከላችሁ አንድ ሰው ወገቡን ያመዋል!» ሲሉ ያ ሰው ባና ሎምቤ ናቸው። አራት ስብከት በላይ በላዩ ሰምቶ ወገቡን የማያመው ማን አለ? ትንቢቱ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ታዲያ ባና ሎምቤ እጃቸውን አወጡ።

«የሚመጣው እሑድ አልኖርም። የወንድሜ ልጅ ማንሳ ከተማ ልታገባ ነው። በወጋችን ወደ ሙሽራው ቤት የምግቡን ድስት ይዛ የምትገባው የአባቷ እህት ናት። እኔ ካልሄድኩ ድስቱ ከበር አያልፍም።»

ሐዋርያው እጃቸውን ዘረጉ፤ መሐረቡን ሰጠኋቸው፤ ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ባና ሎምቤ፣ ነገሩን እንደ ቀላል አይዩት። እርስዎ ሄዱ ማለት እኮ ጉባኤው በሙሉ ሄደ ማለት ነው!»

«አንድ እሑድ ናት እኮ፣ ሐዋርያ።»

«እስቲ ይንገሩኝ፣» አሉ ነቢዩ ጣታቸውን ቀስረው፣ «በግ የሌለው እረኛ ምን ይባላል?»

«እረፍት የወጣ ሰው ነዋ።»

ነቢዩ ይህን መልስ መንፈሳዊ ሆኖ አላገኙትም። የአመራር ጉባኤው እዚያው ሶፋው ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ፣ ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ ከመረመረ በኋላ፣ ምእመኗ በምትካቸው ሌላ ምእመን ካመጡ ብቻ እንዲሄዱ ወሰነ።

«ኧረ በናታችሁ!» አሉ ባና ሎምቤ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ያቺን ልጅ እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። በሠርጓ ቀን አክስቷን በዓይኗ ስትፈልግ ልትውል ነው?»

ውሳኔው ግን ውሳኔ ነበርና ባና ሎምቤ ረቡዕ በጸሎቱ ሰዓት ጎረቤታቸውን ካባሶን፣ በር የሚበይደውን፣ እጁን ይዘው መጡ። ምስኪኑ ገና ሳይቀመጥ ነቢዩ ብድግ አሉ።

«ይህ ሰው ወንጌላዊ እንደሆነ ታይቶኛል! በእኔ ሥር ያገለግላል።»

«አይሆንም!» አሉ ሐዋርያው። «መጋቢ ነው፤ ተጠሪነቱም ለእኔ ነው!»

ካባሶ ሁለቱንም ሹመት ተቀብሎ ወጣ፤ በማግስቱ በብየዳ ቤቱ ውስጥ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ከፈተ። እኛም ወደ አንድ ምእመናችን ተመለስን።

ባና ሎምቤ ከዚህ በኋላ ፈቃድ አልጠየቁም። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍረው ማንሳ ሄዱ።

እሑድ አምስታችን እንደ ወትሮው ተደረደርን። ፊት ለፊታችን ባዶው ወንበር ነበር። መቼም አገልግሎት አይቋረጥም። ሐዋርያው ስብከታቸውን ጀመሩ፤ መጀመሪያ እየፈሩ፣ ኋላ ግን ላብ በላብ እስኪሆኑ ድረስ። ወንበሩ አያዛጋም። ሰዓት አያይም። ሠርግ አለብኝ አይልም። ነቢዩ ብቻ ወገቡን የሚያመው ሰው አጥተው ትንሽ ተቸገሩ፤ በኋላ ግን የወንበሩ የኋላ እግር ስንጥቅ እንዳለበት ገለጡና ሆነላቸው።

«እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው አይቼ አላውቅም!» አሉ ሐዋርያው በመጨረሻ። ዘይት አምጣ አሉኝ፤ ከወጥ ቤት አመጣሁ። ወንበሩ በዚያው ቀን ዲያቆን ሆኖ ተሾመ።

በሳምንቱ ባና ሎምቤ ፊታቸው ወዝቶ መጡ። ድስቱ ገብቷል፣ ልጅቷም ተድራለች። ወደ ወንበራቸው ሲያመሩ ወንድም ቺሴንጋ ዘለው ከፊታቸው ተገተሩ።

«ኧረ እንዳይቀመጡ! ዲያቆኑ ላይ እኮ ነው!»

«የቱ ዲያቆን?»

አሳዩአቸው።

«እኔስ ታዲያ የት ልቀመጥ?»

«ወለሉ አለልዎት፣» አሉ የሴቶች የበላይ ኃላፊ፤ «ለትሕትናም ጥሩ ነው።»

ባና ሎምቤ ወንበሩን አዩ። ከዚያ አምስታችንን አንድ በአንድ አዩን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ አፍሬ መሐረቡን ማጠፍ ያዝኩ።

«ካሶንዴ፣» አሉ፤ ሐዋርያ አላሉም። «ወንበሩን ያመጣሁት ከቤቴ ነው። ለእናንተ ሶፋ ሲኖራችሁ ለእኔ መቀመጫ የለም ያልከኝ ቀን።»

ዲያቆኑን አንስተው ጭንቅላታቸው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ሳሎኑ ውስጥ አምስት መሪና አንድ ግድግዳ ቀረን። ሐዋርያው ለግድግዳው «ሃሌ ሉያ» አሉት፤ አልመለሰም። ያኔ ጫማቸውን በትክክል እንኳ ሳያጠልቁ ተከትለው ሮጡ። ነቢዩ ከኋላቸው፣ የሐዋርያው ባለቤት ከነቢዩ ኋላ፣ ወንድም ቺሴንጋ እያለከለኩ፣ እኔም ለስላሳው እንዳይፈስ እየተጠነቀቅሁ። በዚያ ሁሉ ጥድፊያ የማዕረግ ቅደም ተከተላችን አለመዛነፉን ስናገር ኩራት ይሰማኛል።

የሰፈሩ ቧንቧ ጋ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ባልዲያቸውን ትተው አዩን።

«ባና ሎምቤ! እነዚህ ከኋላሽ የተሰለፉት እነማን ናቸው? መሪዎችሽ ናቸው?»

ባና ሎምቤ ዞር ብለው እንኳ አላዩንም።

«ኧረ ምእመናን ናቸው፤ ዛሬ ገና መጀመራቸው ነው።»