የሐያት ጣሳ

ሰው ቤቱን ላጽዳ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጥለው የራሱን ዕቃ አይደለም፤ የሌላውን ነው። የእኔ አሮጌ ጫማ ትዝታ ነው፤ የእናንተ ግን ቆሻሻ። አይደለም የሚል ካለ ቤተሰቡን ይጠይቅ። እኔ ጠይቄ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ የላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ሐያት ቆሻሻ ስለመቀነስና ተፈጥሮን ስለመውደድ የቤት ሥራ ይዛ ከመጣች ወዲህ ሱቄን የምታይበት ዓይን ተለወጠ። እኔም ከልጅ ላለማነስ አንድ ቅዳሜ ቤቴ ውስጥ የጽዳት ዘመቻ አወጅኩ።

በረንዳው ጥግ አፈር የሞላው፣ የዛገ የወተት ጣሳ አገኘሁ። ቤት ውስጥ አፈር ምን ይሠራል? ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቼ ከነአፈሩ አስረከብኩት። በልዋጩ የላስቲክ ጆግ ሰጠኝ። ሱቄ ውስጥ በደርዘን የተደረደረውን ዓይነት ጆግ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሐያት ከቁርአን ትምህርት ስትመለስ ጣሳዋን አጣችው። ለካ የሎሚ ፍሬ ዘርታበት፣ ወር ሙሉ በየማለዳው ውሃ ስታጠጣ ከርማ፣ ሰኞ ቡቃያውን ክፍል ልትወስድ ኖሯል። አላለቀሰችም፤ ጆጉን አየት አድርጋ እኔን አየችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ጆጉን እንደያዝኩ ምናለሽ ተራ ደረስኩ። የመርካቶ ቆርቆሮ ሁሉ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ የሚሆነው እዚያ ነው። የሰፈራችን ቆራሌ ጓዙን የሚያራግፈው ጋሽ ሙዘይን የሚባሉ ቀጥቃጭ ዘንድ ነው። ስደርስ የልጄ ጣሳ ተቀዶ፣ ተዘርግቶ፣ ግማሹ ኩራዝ ሆኗል። እንደምንም ጉዳዩን አስረድቼ አፈሩስ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሽማግሌው በመዶሻቸው ወደ ግድግዳው ጠቆሙኝ። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ሁለት ቅጠል ያላት ቡቃያ ቆማለች። «ከአፈሩ ብቅ ብላ አይቻት ነው ያዛወርኳት፤ ነፍስ ያለውን ነገር ማን ይጥላል፣ ጣሳውን የሰጠው ሰው ዓይኑ የማያይ መስሎኝ አዝኜለት ነበር» አሉኝ። አፍሬ ጆጉን በስጦታ ዘረጋሁላቸው። አገላብጠው አዩትና፣ «ከዚህ ምንም አይሠራም» ብለው መለሱልኝ። ቡቃያዋን ግን ከነጀሪካኗ ይዤ ለሐያት አደረስኩ።

ማክሰኞ የሐያትን ደብተር ገለጥኩ። ጥያቄው «ቤታችሁ ውስጥ የማያስፈልግ ሆኖ ያገኛችሁትን ጻፉ» ይላል። ልጄ በሚያምር እጅ ጽሑፏ «አባዬ» ብላለች። ከሥሩ መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ አርመውታል፤ «አይጣልም፤ ተጠግኖ ያገለግላል።»