ደካሞች የቆፈሩት ቦይ

«የቀበሌ ማስታወቂያ ማንበብ ከቻልሽ ይበቃሻል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የጸሐፊ ሥራ ነው።»

ይህን ያለኝ አባቴ ነው፣ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሼ ደብተሬን ለታናሽ ወንድሜ ባስረከብሁ ቀን። ለክፋት አላለውም። እሱ ራሱ ፊደል ስላልቆጠረ፣ ቀበሌ በር ላይ ቆሞ ወረቀት የሚያነብ ሰው ሁሉ ሊቅ ይመስለው ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያህልም አልተሳሳተም። እስቲ እናንተ የቀበሌ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ከ«ጉዳዩ» ተነስታችሁ፣ «በመሆኑም»ን ተሻግራችሁ፣ «ከላይ በተገለጸው መሠረት» ላይ ትንሽ አርፋችሁ፣ «መሆኑን እናሳውቃለን» እስክትደርሱ ድረስ ስንቅ ያስፈልጋል። ዋናው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ማኅተሙ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው።

ጊዜውስ ቢሆን! ማስታወቂያ የሚለጠፈው ነገሩ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ካለፈ በኋላ የተለጠፈም አይቻለሁ። ስለ ስብሰባ ነበር፤ የለጠፈው ሰው ራሱ ከስብሰባው እየተመለሰ ነው።

መንደራችን ከንፋስ መውጫ ወጣ ብላ፣ አስፋልቱ ቀና ብሎ ሳያያት የሚያልፋት ናት። ለከተማው ገጠር ነን፣ ለገጠሩ ከተማ። መብራት አለን። ባጃጅ አለን። ፌስቡክማ ከበቂ በላይ አለን። ውኃው ግን ከሸለቆው ማዶ ካለው ምንጭ ነው። ይህ ለሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔ የጀርባ ጉዳይ ነው። ያለኝ አንድ ጀርባ፣ የሚሻሙበት ግን ሁለት፤ ጀሪካኑና ልጄ ሶልያና። ጀሪካኑ ስለማያለቅስ መሸነፍ ነበረበት፤ ግን ይከብዳልና ሁልጊዜ እሱ ያሸንፋል። ልጄን ደረቴ ላይ አስሬ፣ ጀሪካኑን አዝዬ፣ ዳገቱን ስወጣ ከፊት ሆና አፍንጫዬን ትጎትታለች። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ወሩ በገባ በሃያኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሌ በር ላይ አዲስ ወረቀት ያየሁት።

ማኅተሙን ተሻግሬ አነበብሁት። የቧንቧ ሰዎች በሃያ ሁለት ማለዳ ይመጣሉ። ከዋናው መስመር እስከ መንደራችን መሐል ያለው ቦይ ተቆፍሮ ካገኙት ቧንቧውን ዘርግተው ቦኖ ይተክሉልናል። ካልተቆፈረ ቧንቧው እንደተጫነ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ያልፋል። ለየቤቱ አሥር አሥር እርምጃ በችካል ተለክቷል። ቁፋሮው ነገ፣ በሃያ አንድ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት።

ሃያ አንድ ማለት ማርያም ናት።

እናንተ ከተሜዎች «ታዲያ ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር ማርያም ዕለት ገበያ ይኬዳል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ሐሜትም ይታማል፤ መሬት ግን አይወጋም። ማርያም ዕለት ዶማ ያነሳ ሰው በክረምቱ በረዶ ቢወርድ ገብሱ የረገፈበት ሁሉ ጣቱን ወደ እሱ ነው የሚቀስር። ከበረዶውስ ጣቱ ይከፋል።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጭ እንደለበሰ፣ ችካሉ ዳር ተሰለፈ። ሰርግ ይመስል ነበር፣ ሙሽራው ያልመጣበት። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ታደለ የስም ዝርዝሩን ይዞ ደረሰና ዶማ የያዘ ሰው ቢፈልግ አጣ። ምነው ቢል፣ ማርያም ናት አሉት። ስልኩን አወጣ፣ ቀኑን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩ የቀኑን ቁጥር እንጂ ታቦት አያሳይም። ቀኑን እንዳያዛውር የቧንቧ ሰዎቹ ነገ ናቸው። አንዱ ልማት ነው አለ፣ አንዱ ኃጢአት ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ልማትም ኃጢአትም ሊሆን ይችላል አለ። ግንበኛው ደምሌ ዳር ቆሟል። እንጨት እንደ ገለባ የሚሸከም ጎረምሳ ነው፤ ጋቢው ብብቱ ሥር አብጦ ሳይ ለካ ዶማውን ለማንኛውም ብሎ ሸፍኖ አምጥቶት ኖሯል።

ሁሉም ቄስ ሞላን አየ። ቄስ ሞላ መስቀላቸውን እያገላበጡ ብዙ አሰቡ። ለራስ መቆፈር ክልክል መሆኑን ተናገሩ፤ ይህን ሁላችን እናውቃለን። ለደካማ ጉልበት መርዳት ግን በበዓልም ቢሆን ጽድቅ እንደሆነ፣ አባቶች ለመበለት ሲያጭዱ እንደኖሩ ጨመሩ። ይህንንም እናውቃለን። ችግሩ በመንደሩ ያሉት መበለት አንዲት እማሆይ ጥሩዬ ብቻ ናቸው፤ የእሳቸው አሥር እርምጃ ደግሞ ውኃ አያመጣም።

እኔ በሰው መሐል አልናገርም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ያደግሁ ነኝ። ያን ቀን ግን ሸለቆው ከፊቴ መጣ፣ ዳገቱ ከፊቴ መጣ፣ ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«አባ፣ ደካማ ነኝ ያለ ሰው ይታመናል?»

ቄስ ሞላ ቀና አሉ። በመጀመሪያ ዓይናቸው ሳቀ፣ ከዚያ ጢማቸው።

«ልጄ፣ ከአዳም ወዲህ ያልደከመ ማን አለ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በምን ቃል ልንገራችሁ! አንድ መንደር ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ታመመ። እህል በአንድ እጁ የሚያነሳው ወገቡን ያዘ፤ ትናንት ፍየል ሲያሯሩጥ የነበረው አነከሰ። ሚስቶች ባሎቻቸው ቤት ውስጥ ምን ያህል ደካማ እንደሆኑ ለሕዝብ መሰከሩ፤ አንዳንዱ ምስክርነት ከቁፋሮው ያለፈ ነበር። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ደካማ፣ የታቹ የላዩን ደካማ እያለ ድርሻ ተለዋወጠ። በአጥር የተነሳ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ሰላምታ ያቋረጡ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ «አንተ ምስኪን»፣ «ምስኪንስ አንተ» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን ጀመሩ። ስድብ ይሁን እርቅ የለየለት ሰው የለም። ዶማውስ ከየት መጣ አትበሉኝ። ያበጠ ጋቢ የደምሌ ብቻ አልነበረም።

እማሆይ ጥሩዬን ግን ማን ይድፈር? ሦስት ጎልማሶች ድርሻቸውን ሊቆፍሩላቸው ቢጠጉ በመቋሚያቸው ከችካሉ አባረሯቸው።

«ማን ነው ደካማ? ትናንት ገብሴን ብቻዬን ያበራየሁ ሴትዮ!»

ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው ደምሌ ላይ አረፈ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሚስት የለው፣ እናቱ ሩቅ፤ ከሱ የባሰ ደካማ በዚህ አገር አለ ወይ? ብለው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ የደምሌን አፈር በቁና ማውጣት ያዙ። ደምሌ እያፈረ የእሳቸውን ቆፈረ፤ እሱ ሁለት ዶማ ሲሰነዝር እሳቸው በጎን እያዩት ሁለት ቁና አፈር ያወጣሉ። ያን ቀን ከመንደሩ ጠንካራ ነኝ ብለው የዋሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እውነትም ነበሩ። እኛ ሴቶች አፈር ተሸከምን፣ ድንጋይ አነሳን፣ ሳቅንም። እኔ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ ሶልያና በጀርባዬ ላይ ሆና የምንስቅበትን ሳታውቅ አብራ ትስቃለች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ቦዩ እንደ እባብ ተዘርግቶ አለቀ። ታደለ ከላይ ጀምሮ በየስሙ ላይ ምልክት እያደረገ ወረደ። መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ።

አሥር እርምጃ መሬት አንድ ዶማ ሳይነካት፣ ሣሯን እንደለበሰች ተኝታለች። ግራው ተቆፍሯል፣ ቀኙ ተቆፍሯል። ውኃ ደግሞ እንደ ፍየል ዘሎ አያልፍም። የማን ናት ተባለ። ዝርዝሩ ሲታይ የታደለ ናት፤ ለካ ከወገዳ ተዛውሮ መጥቶ እኛው ዘንድ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስለሚኖር፣ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ድርሻ ደርሶት ኖሯል። ያን ሁሉ ሰው ደካማ ስንል መንግሥትን ደካማ ብሎ ለመጀመር የደፈረ አልተገኘም። ማን በፈቃዱ ይጠየቃል?

ታደለ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ከአንዱ ዶማ ተቀበለ። ቄስ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለራስ ክልክል ነው። ታደለ ዶማውን እንደያዘ ቆመ። ሰው ሁሉ ሰማዩን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ጎረቤቱን አየ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ የቧንቧው መኪና ነገ ማለዳ ነው። ሳቃችን የት እንደገባ እንጃ።

«ወረቀቱ ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አደረ» አለ ታደለ፣ ማንንም ሳያይ። «ሦስት መንደር ነው የምዞረው፣ ለብቻዬ። በዓሉንም አላየሁ። እኔም… ደካማ ነኝ።»

ማንም አልሳቀበትም። ማንም ግን አልተነሳም፤ ሁሉም ሌላው እንዲቀድም ይጠብቃል፤ ይህ ደግሞ የእኛ የቆየ በሽታ ነው።

አንቀልባዬን ፈታሁ። ወደ ታደለ ሄጄ ዶማውን ከእጁ ወሰድሁና ሶልያናን አሳቀፍሁት፤ ማኅተም ያልደረቀ ደብዳቤ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። ከዚያ ዶማውን ከፍ አድርጌ ሣሩ ላይ አሳረፍሁት።