የሞርሳው ትራስ

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ጎጃሞች የመጀመሪያውን እኩሌታ አጥብቀን እንወደዋለን፤ በአነጋገር ማን ያክለናል? ስለ አያያዙ የሚጨነቅ ግን ብዙ አላየሁም። ጎራዴው ይፎከርለታል፣ ሰገባውን ማንም አያነሳውም። ሠርግ ቤት የገባ ሰው ሙሽራዋን ያያል፣ ጠጁን ያያል፤ ድንኳኑን ወጥሮ የያዘውን ካስማ የሚያየው የተደናቀፈበት ብቻ ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ የሚይዝ ከሌለ የሚቆርጥ ከንቱ ነው። ፍልስፍና የጀመርሁ እንዳይመስላችሁ። የማወራችሁ ስለ ብረት ነው።

ጣልያን ቡሬ ላይ ሰፍሮ ሳለ ከካምፑ ጎን የጭነት ካሚዮን መጠገኛ ጋራዥ ነበረው፤ እኔም እዚያ እሠራ ነበር። ምነው ለጠላት ሠራህ የምትሉ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፣ ትንሽ ብቻ ታገሡኝ። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ፤ ራሴም ቀጥቃጭ። ቀጥቃጭ በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ጅብ መሆን ብችል ኖሮ ያን ሁሉ ጣልያን ምን አስቀመጠው? ማረሻ የሠራሁለት ገበሬ እንኳ ማረሻውን ከእጄ አይቀበለኝም፤ መሬት ላይ አስቀምጥልኝ ይልና ከመሬት ያነሳዋል። ጣልያኖቹ ብረት የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ጎረቤቶቼ ጣታቸውን ወደ እኔ ለመቀሰር አልዘገዩም፤ እንዲህ ሆኜ ገባሁ።

ጋራዡ ውስጥ ፍሬዛ የሚባል ብረት የሚፍቅ መኪና ነበር። ከሥሩ ሞርሳ አለ፤ የሚፋቀውን ብረት በሁለት መንጋጋው ነክሶ የሚይዝ ማለት ነው። ሞርሳ የሚወደው ጠፍጣፋ ነገር ነው። ክብ ዘንግ ያጎረሳችሁት እንደሆነ በወጉ ስለማይነክሰው፣ የፍሬዛው ጥርስ ገና ሲነካው ዘንጉ ይንከባለላል፤ አንዳንዴም ተፈናጥሮ ግንባር ይፈነክታል። ካፖ የምንለው የጋራዡ አለቃ ሙያውን የሚያውቅ ጣልያን ነበር፤ ክፉም አልነበረም፣ ክፋቱ መምጣቱ ነው። አንድ ቀን የካሚዮን ፒን፣ ያው ክብ ዘንግ፣ የሚይዝ ነገር ሥራልኝ ብሎ በጠመኔ መሬቱ ላይ ሣለልኝ። አራት ማዕዘን ብረት ሆኖ አናቱ ላይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቦይ አለው። ዘንጉ ቦዩ ውስጥ ይተኛል፣ ሞርሳው ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ነክሶ ይይዛል።

ከተሰበረ የካሚዮን አክስል ቁራጭ ወሰድሁ። እሳት ውስጥ አግዬ አመድ ውስጥ ቀበርሁትና ቀስ ብሎ ሲበርድ ለዘበ። ጎኖቹን በሞረድ አስተካከልሁ፤ ከዚያ ሞርሳው ላይ አጋድሜ አስሬ የቦዩን ግራና ቀኝ በፍሬዛው ፋቅሁ። ግርጌው ላይ በመጋዝ ቀጭን ስንጥቅ ጨመርሁለት፣ ፍቅፋቂው እዚያ ገብቶ ዘንጉን እንዳያናጋው። ሠራተኛው ሁሉ ስሙን ትራስ አወጣለት። ካፖው ያዘዘኝ አንድ ቦይ ነበር፤ እኔ በጀርባው ሌላ ቀጭን ቦይ አወጣሁበት። ምንድን ነው ቢለኝ ለቀጭን ፒን ነው አልሁት። አልዋሸሁም።

ቀጭኗ ፒን የፊታውራሪ እንዳለ ምንሽር መርፌ ነበረች። ፊታውራሪ በፈጣም ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ጥቂት አርበኞች ይዘው የሸፈቱ ሰው ናቸው። ጥይቱን የምትመታው መርፌ ተሰብራባቸው ምንሽሩ ዱላ ሆኖ ቀረ፤ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ጣልያን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንለው አገር ለዘመቻ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ስባሪዋን አይተህ አዲስ ሥራልኝ ብለው በእህቴ እጅ ላኩልኝ። አካሏ ክብ፣ ጅራቷ ላይ ግን አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ነው፤ ያ ጎን ካልተስተካከለ ጠመንጃው አይቀበላትም። ብያዝ ምን እንደሚጠብቀኝ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ጥይት ይዞ የተገኘ የሥራ ባልደረባችን በገበያ ቀን ተሰቅሎ አይቻለሁ።

ተደብቄ አልሠራኋትም። በጠራራ ፀሐይ፣ ከካሚዮኑ ፒኖች መካከል ቀላቅዬ፣ ትራሱን ገልብጬ አስተኛኋት። ጅራቷን እየፋቅሁ ሳለ ካፖው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ትራሱን በጣቱ ዳሰሰና "ቤኔ" አለ፣ መልካም ነው ማለቱ ነው፤ ቀጥሎም የዘይት ጣሳውን አንስቶ መርፌዋ ላይ በገዛ እጁ አንጠባጠበላት። ስንት ጌታ አዝዞ ያላገኘውን አገልግሎት ፊታውራሪ ሳያውቁ አገኙ።

የቀረው በሩ ነው። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ የዚያው የእኛው አገር ሰው፣ ባንዳ ነበር፤ የወጪውን ሁሉ ብብት ሳይቀር ይፈትሻል። እኔ መርፌዋን አገልግሌ ውስጥ፣ ከምሳዬ የተረፈው እንጀራ ሥር አስገብቻታለሁ።

"ክፈት" አለኝ።

ከፈትሁለት። አገልግሉን ወደ ደረቱ አስጠጋሁና ዓይን ዓይኑን እያየሁ "እንብላ" አልሁት።

እንብላ የተባለ ጎጃሜ ቢያንስ ቆርሶ መቅመስ አለበት፤ ከቡዳ አገልግል መቅመስ ደግሞ ለሱ ሞት ነው። ጣልያን የሰጠውን ጠመንጃ እንደታጠቀ ወደ ኋላ አፈገፈገና አማተበ፤ ፊቱን አዙሮም እለፍ፣ እለፍልኝ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያንገበግበኝ የኖረ ስድብ ያን ዕለት ጋሻ ሆነኝ። ደስ አለኝ ብል ዋሸሁ። ዳንሁ፣ ግን እስከ ፈጣም ድረስ በንዴት እየተቃጠልሁ ነው የሄድሁት።

ፊታውራሪ መርፌዋን አስገብተው ባዶውን አቀባበሉና ምላጩን ሲጫኑት ጠቅ አለ። አርበኞቹ ያችን ድምፅ ናፍቀዋት ነበር። ከጦሩ ጋር የሚዘምቱ ሽማግሌ የንስሐ አባታቸው ግን የጸበል ቅላቸውን ይዘው ቀረብ አሉና፣ የባለ እጅ፣ የቀጥቃጭ እጅ የነካው ሳይረጭ አይያዝም ብለው ሹክ አሏቸው። ሰማሁ። ፊታውራሪ አንዴ እኔን አዩኝ፤ አቀርቅረው ጠመንጃውን ወደ ቅሉ ዘረጉ።

"ይርጩት አባ" አልሁ። "ውኃ የነካው ብረት ይዝጋል። የዛገውን የሚሠራው ደግሞ ይኸው ቡዳው ነው። ለዚያ ጊዜ በሩን አልፌ መምጣቴን ግን እንጃ።"

ፊታውራሪ ጠመንጃውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት። ቄሱ አንዴ ያነሱትን ጸበል መልሰው ማፍሰሱ ነውር ሆነባቸው መሰለኝ፣ ዞረው ከራስ እስከ እግሬ እኔን ረጩኝ። ቆምሁላቸው። እኔ እንደሆነ አልዝግም።