ቀድሞ የሚገባው ፈሪ

እኔ የምፈራው በር ነው። ሌላው ሰው ውሻ ይፈራል፣ ጅብ ይፈራል፣ አለቃ ይፈራል። እኔ የተዘጋ በር ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ከኋላው ማን እንዳለ በምን ይታወቃል? አትሳቁብኝ። እንጅባራ ሦስት ዓመት ሳስተምር ርዕሰ መምህሩን አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም። ቢሮው በር አለዋ! ስታመም እንኳ ክፍል ገብቼ ነበር የምታመመው።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ የጌም ቤት ልጆች «ገቢ» አድርገው የሾሙት።

ጨዋታውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አምስት ለአምስት ሆኖ በየኮምፒውተሩ ተቀምጦ መታኮስ ነው። አንዱ ቡድን ቤት ይጠብቃል፣ ሌላው ሰብሮ ይገባል። የሞተ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ ያያል። በበሩ ቀድሞ የሚገባው ገቢ ይባላል። ሌላ አገር ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እጀ ፈጣን ነው አሉ። እኛ ዘንድ ግን ታላቅ እያለ ታናሽ በር አይቀድምም። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሌሎቹ ከሃያ ሁለት አያልፉም። ባጃጅ ነጂው ሙሉቀን ወንበር ሳበልኝና፣ «ጋሼ፣ ይቅደሙ» አለኝ። አክብሮት ሰውን እንዲህ ለሞት ያስቀድማል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ወር በር ላይ ቆሜ አለቅሁ። ለገቢ ደግሞ በር ላይ ከመቆም የከፋ ነገር የለም። እሱም ይሞታል፣ ከኋላው ያሉት አራቱም ተደራርበው ያልቃሉ። አንድ ቀን በከሰል ምድጃ ጣታችንን ስናሞቅ (የእንጅባራን ብርድ ታውቁት የለ፣ ሳይሞቁ የሚታዘዝ ጣት የለም) ሙሉቀን መከረኝ። ጭቃ ውስጥ የገባች ባጃጅ ከቆመች አለቀላት፣ ከገቡ አይቀር ሳይቆሙ ማለፍ ነው አለኝ። «ከዚያ ቅርብዎ ያለውን ጥግ አስቀድመው ይዩ፣ ያዩትን ሳይሞቱ ይናገሩ፣ እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላዎ ነኝ፣ ከወደቁ ደምዎን እመልሳለሁ» አለኝ።

ብታምኑም ባታምኑም ጎበዝ ሆንኩ። ለካ ለዚህ ሥራ ፈሪ ነው የሚሻለው! ደፋር ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። እኔ ግን ገና በሩ ሳልደርስ በሐሳቤ በየጥጉ ሞቼ ጨርሻለሁ። የፈሪ ዱላ አስር ነው ይባል የለ? አንዴ መተኮስ ከጀመርኩ ጥይቱ ሳያልቅ ጣቴ አይላቀቅም።

ይሄኔ ነው የዳንግላ ልጆች ኑና ይዋጣልን ብለው የላኩብን። ቀኑ ቅዳሜ፣ ቦታው እነሱ ጌም ቤት። እኔ ደግሞ ዳንግላ ሌላ ጉዳይ አለኝ። ብርቱካን የምትባል ልጅ ወድጄ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ አቶ ፈንቴ፣ «እስቲ እንመካከርና እሁድ ተመለሱ» ብለዋል። ሽማግሌዎቼ ከቤቱና ከትምህርት ቤቱ በቀር የማያውቅ ጨዋ መምህር ነው ብለው ምለውልኛል። በዋዜማው ጌም ቤት ስታኮስ ብገኝስ? ብርቱካንን አጣኋት ማለት አይደለም?

አልሄድም ለማለት ግን ልጆቹን ፈራሁ። ሚኒባሱ መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ቆሞ የከሰል ማዳበሪያ ሲጭን፣ ምነው ጎማው በተነፈሰ እያልኩ ስለት ተሳልኩ። ጎማው ደህና ነበር። ዳንግላ ስገባ እስከ አፍንጫዬ ጋቢ ተከናንቤ ነው።

ተጫወትን፣ እኩል ለእኩል ሆንን። የቀረው አንድ ዙር ነው። ከእኛ እኔና ሙሉቀን፣ ከእነሱ ሦስት ልጆች ተርፈናል። ሦስቱም በሩን አነጣጥረው እየጠበቁኝ ነው። ወደፊት የሚያስኬደውንም የሚያስተኩሰውንም ቁልፍ ተጫንኩ። ያን ጊዜ የጌም ቤቱ በር ተከፈተ። እውነተኛው በር። አቶ ፈንቴ ከነከዘራቸው ገቡ! ለካ ቤቱን ያከራዩት እሳቸው ናቸው።

እኛ አገር ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የሚቀር የለም። የዳንግላ ልጆች ማውሱን ጥለው ብድግ አሉ። ሙሉቀንም ብድግ አለ። ዘጠኙም ቆሙ። እኔስ? መነሳት ፈልጌ ነበር፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ዓይኔን ካዞርኩ ዓይናቸው ላይ ያርፋል ብዬ ስክሪኑ ላይ ተከልኩት። ጣቶቼ እዚያው ቁልፎቹ ላይ ደርቀዋል። የኮምፒውተሩ እኔ ግን ሳይቆም በሩን አለፈና ጥይቱን አርከፈከፈው። ሦስቱም ወደቁ። አሸነፍን።

አቶ ፈንቴ ቁልቁል ለረጅም ጊዜ አዩኝ፣ አንዱን ልጅ ማነው ብለው ጠየቁትና ወጡ። እኔም ብርቱካንን ቀብሬ ተመለስኩ። ተይዤ ብቻ ሳይሆን ሳልነሳላቸው ቀርቼ! ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ማታ እየሳቁ ተመለሱ። አቶ ፈንቴ እንዲህ አሉ አሉ፦ «ትናንት ስገባ ዘጠኙ ሥራቸውን ጥለው ተነሱ። አንዱ ግን ዓይኑን ከያዘው ነገር አልነቀለም። ሰው አይቶ የማይደነግጥ፣ የያዘውን የማይለቅ ወንድ ነው። ልጄንም እንዲሁ ይይዛታል።»

እነሆ ዛሬም አማቴ በየድግሱ ደፋሩ አማቼ እያሉ ያስተዋውቁኛል። እኔም አላስተባበልኩም፤ ማስተባበል ድፍረት ይፈልጋል። እቤታቸው በር ስንደርስ ግን ብርቱካንን አስቀድማለሁ። ሚስቱን እንዴት እንደሚያከብር እዩልኝ ይላሉ። እሷ ገብታ ያየችውን እስክትነግረኝ ድረስ፣ እኔ ሁለት እርምጃ ከኋላ ነኝ።