መብረቅ የመታው ድንጋይና የመቶ አለቃው ኮምፓስ

መብረቅን ሁላችንም የምናውቀው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ዛፍ ሰንጥቆ፣ በሬ ገድሎ፣ እኛን አስደንግጦ ይሄዳል፤ ጣጣው በዚያ ያበቃ ይመስለናል። ዩኒቨርሲቲ የገባች የልጅ ልጄ ግን፣ ፊዚክስ ካስተማሯት ወዲህ ዝም ብላ መብላት የተወች ልጅ ናት፣ መብረቅ ወደ ላይም እንደሚሠራ ነገረችኝ። ከደመናው በላይ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ምድርን የከበበ የማይታይ የማግኔት መረብ አለ ትላለች፤ መብረቁ በበረቀ ቁጥር መረቡን ያርገበግበዋል። እናንተ ብትጠራጠሩ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ወዲያው አመንኩ፤ መብረቅ ከማግኔት ጋር ምን እንደሚሠራ እዚሁ መሬት ላይ በዓይኔ አይቻለሁና።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን በያዘ ጊዜ እኔ ቱርጁማን ነበርኩ። ቋንቋውን አስመራ ሳለሁ ለቃቅሜ ነበርና ሳይጠይቁኝ ወሰዱኝ። በአንድ የክረምት ቀን አንድ መቶ አለቃ ወታደሮቹን ይዞ ወደ አምበር ሲጓዝ፣ መንገድ እንዲመሩ በግድ የተያዙት አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። በየክረምቱ መብረቅ የማያጣው ሸንተረር ሥር ስንደርስ ቆሙና፣ «ብረት እዚህ ይቀመጥ፤ እኛ ክረምት ማጭድም ይዘን አንወጣው» አሉ። ስተረጉምለት የመቶ አለቃው ፊት ተለዋወጠ። ጠመንጃችሁን አስቀምጡ የሚል መንገድ መሪ ከአርበኞች ጋር ሳይመክር አልቀረም። እውነቱን ለመናገር፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

ከነብረታችን ወጣን። ጉም ዋጠን። አያ ደምሌ «አምበር በዚህ ነው» ብለው ወደ ቀኝ ሲያመለክቱ፣ መቶ አለቃው ኮምፓሱን አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ አሳረፈው፤ መርፌው ተቃራኒውን አሳየ። ለእሱ መርፌ አይዋሽም፤ የሚዋሸው ገበሬ ነው። እጃቸውን የኋሊት አሳሰረና ሽጉጡን መዘዘ።

«የመጨረሻ ቃልዎን ይናገሩ ይላል» አልኳቸው።

ድንጋዩን በአገጫቸው አመለከቱ። «ይህን ባለፈው ክረምት መብረቅ መትቶታል። ብረት እሱ ላይ ጤና የለውም። ያንን ዕቃውን ይዞ ሃያ እርምጃ ይራቅና ይየው፤ ከዚያ የፈለገውን ያድርግ በለው።»

መቶ አለቃው ራቀ። መርፌው ዞረ። ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ መርፌውም ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሽጉጡን ከተተና ገመዱን በገዛ እጁ ፈታ። እኔ ያን ዕለት በአያ ደምሌ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም። ኮምፓስ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚያውቁት ድንጋያቸውን ነው፤ እሱ ደግሞ በቃ።

መቶ አለቃው ከዚያ ወዲህ ኮምፓሱን ከኪሱ አላወጣም። አያ ደምሌ ወዲህ ካሉ ወዲህ፣ ወዲያ ካሉ ወዲያ ሆነ። ነገር ግን አርበኞች አሉበት ወደተባለ ቦታ በሄድን ቁጥር የምናገኘው አመዱ የቀዘቀዘ ምድጃ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ «ምነው አያ ደምሌ፣ መንገዱ ረዘመብን?» አልኳቸው። ገመዱ የላጠውን የእጃቸውን አንጓ እያሹ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መቶ አለቃው ሊገድላቸው የተነሣው አሳሳቱኝ ብሎ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን አንድም ቀን አሳስተውት አያውቁም።